«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፤ እልፉ ስንት ነው?

የቢቸናዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ሲባል ሁለተኛው እልፍ በቁጥር ስንት ነው? አንዱ ሺህ ነው ይላል ሌላው መቶ ሺህ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ወይስ ዝም ብሎ ብዙ ለማለት ነው?

ዘዋሸራ፦ እታለም፣ እልፍ አስር ሺህ ነው አለቀ። በግእዝ ቁጥር ፼ የሚባለው እሱ ነው። ሺህ ያለሽ ሰው ዓረብኛ ሳይቀላቅል አይቀርም፣ የነሱ አልፍ ሺህ ነው፣ የዕብራይስጡም እንደዛው። የመጀመሪያው እልፍ ደሞ «እልፍ በይ» የምንለው ነው፣ ከማለፍ የመጣ፣ ካለሽበት ትንሽ ራመድ ስትይ አስር ሺህ ታገኛለሽ ነው ነገሩ። ጎጃም ቅኔ ቤት የገባ ሰው ኅብረ ቃሉን ወዲያው ነው የሚይዘው። እልፍ ጊዜ እልፍ ደሞ ፼፼ ነው፣ መቶ ሚሊዮን።

አሁን ቁጥር ከተነሳ አይቀር 5,882,353ን በግእዝ ጻፊው እስቲ። ግእዝ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶን ሃያ ሦስት መቶ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ፭፻፹፰፼፳፫፻፶፫ ይሆናል። ፼ን ከመሀል አውጪና ጣይው፣ ግራ 588 ቀኝ 2,353 ይቀራል። እያንዳንዱን በራሱ አባዢ፣ 345,744 እና 5,536,609፣ ደምሪያቸው፣ ያው 5,882,353 ተመልሶ ይመጣል!! በኮማ ሲጻፍ ይሄ አይታይም፣ ኮማው በየሦስት ዲጂት ነው የሚቆርጠው፣ እልፍ ግን በአራት ነው።

ሐሳበኛው፦ ኧረ ባክህ ወንድማለም፣ አጋጣሚ ነው። ይሄን ያህል ቁጥር ባለበት ዓለም አንዱ እንዲህ ቢሆን ምን ይገርማል።

ዘዋሸራ፦ አጋጣሚማ አይደለም። ቁጥሩ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም፣ በ17 ስታባዛው ግን 100,000,001 ነው የሚመጣው፣ እልፍ ጊዜ እልፍ ከአንድ ማለት ነው። ይሄ ደሞ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ ግልጽ ነው፣ 10,000 በራሱ ሲደመር 1 በራሱ። ሌላው የ8,824 እና የ4,705 ስኩዌር ነው፣ ካልኩሌተር ላይ ምታው። በል ከ10,000 ላይ 8,824ን ቀንስና ለሁለት አካፍል፣ 588። 4,705 ላይ አንድ ጨምርና ለሁለት፣ 2,353። ከዚያ ነው የወጡት፣ ማንም በዕድል አላገኛቸውም።

የቢቸናዋ፦ ወይ ጉድ! እና በመቀነስ ፈንታ ብንደምርስ?

ዘዋሸራ፦ 9,412 ይመጣልሻል። ፺፬፻፲፪፼፳፫፻፶፫ ብለሽ ጻፊና እሱንም ሞክሪው፣ ይሠራል።

ሐሳበኛው፦ ሞከርኩት፣ 94,122,353 ልክ ነው። እሺ፣ ግን ይሄ ፼ ስልኬ ኪቦርድ ላይ የት ነው ያለው?