እንግሊዝ «አትሂዱ» ካለች የሐርጌሳው ሰርግ ሊቀር ነው?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የአክስቴ ልጅ ከለንደን መጥታ ድሬ ናት፤ ፓስፖርቷ የእንግሊዝ ነው። በሚቀጥለው ወር ሐርጌሳ የዘመድ ሰርግ ስላለ በጅግጅጋ አድርገን በቶጎ ውጫሌ በመኪና ልንሻገር ነበር። አሁን የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አይታ ፈራች። ብትሄድ ስትመለስ ትቀጣለች? እናቴማ «ዕድሜ ልካችንን የተመላለስንበት መንገድ!» እያለች ትስቃለች።

ጀጎል፦ አትቀጣም፤ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ጣጣው ኢንሹራንሷ ላይ ነው። አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ መንግሥቷ አትሂዱ ያለበት ቦታ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። መኪና ተገልብጦ በአውሮፕላን ናይሮቢ ትወሰድ ቢባል ዕዳው የቤተሰብ ነው። ውሉን ታንብብ፤ ድርጅቱ እሸፍናለሁ ካለም በጽሑፍ ይስጣት። በስልክ «ችግር የለም» ያለ ሰው በኋላ አይገኝም። ደግሞ ስለ ሶማሊያ የሚለውን ብቻ አይታ አትተው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለው መንገድም ለብቻው ምክር አለ፣ ኢንሹራንሱ እሱንም ይቆጥራል።

ነጋዴው፦ አቦ አታስፈራሯት! ሐርጌሳ ሰላም ነው። በቀን ተሻገሩ፣ ማታ አትንዱ፣ በቃ።

ጀጎል፦ @ነጋዴው ልክ ነህ፣ ግን ኢንሹራንስ ያንተን ምስክርነት አይሰማም። እንግሊዞቹ «በፍጹም አትሂዱ» እና «ግድ ካልሆነ አትሂዱ» ብለው ይለያሉ፤ ሐርጌሳ ያለችበትን የሶማሌላንድን ምዕራብና ምሥራቁንም አንድ አያደርጉም። በ2023 እ.ኤ.አ. የተዋጉባት ላስ አኖድ ያለችው በምሥራቅ ነው። አሜሪካ ግን ሶማሌላንድን ሳትለይ ሶማሊያን በሙሉ 4ኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም «አትጓዙ» በሚለው፣ አስቀምጣለች። የሁለቱን አታደባልቁ። ሰርግ «ግድ» ነው ወይ ለሚለው ውሳኔው የራሷ ነው።

እህት ከሳቢያን፦ መመለሻዋንስ አስባችኋል? ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ካላት ያለ ቪዛ ትገባለች። ከሌላት የያዘችው ቪዛ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከወጣች አበቃ፤ በየብስ መግቢያ መሥራቱንም ኢሚግሬሽን ጠይቁ። የሶማሌላንድ ቪዛም ቀድማ ታውጣ፣ ድንበር ላይ አገኛለሁ ብላ አትነሳ። ሐርጌሳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ፤ ግን ችግር ቢገጥም የሚቆመው ለአንተ እንጂ የእንግሊዝ ፓስፖርት ለያዘችው ለእሷ አይደለም።

የከዚራ ልጅ፦ ኡፍ፣ ቪዛዋን አየነው፤ አንዴ መግቢያ ነው፣ ቢጫ ካርድም የላትም። ሰኞ ኢሚግሬሽን እንጠይቃለን። እንቢ ካሉ እኔና እናቴ እንሄዳለን፣ እሷ ሂናዋን ተቀብታ ድሬ ትጠብቀናለች።