እህት ፓርቲ ወይስ አስፈራሪ? የባቫሪያው ሲኤስዩ ጉዳይ

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ጀርመን ነው። ወግ አጥባቂው ሲኤስዩ የሚወዳደረው ባቫሪያ ውስጥ ብቻ ነው። እህት ፓርቲው ሲዲዩ በቀሩት 15 ክልሎች ይወዳደራል፤ ባቫሪያ ግን ድርሽ አይልም። ፓርላማ ሲገቡ አንድ ቡድን ይሆናሉ። ይሄ ለመራጩ ፍትሐዊ ነው ወይ? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ጻፉ። የኛን አገር ክልሎች ደግሞ አታምጡብኝ፤ ያኛው ክርክር ገና አልበረደም።

የሙኒኩ፦ እዚሁ ባቫሪያ ነው የምኖረው። ሲኤስዩን ደግፌ አላውቅም፤ ግን ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ባቫሪያ ድሮም ለብቻዋ ናት። በ1949 የጀርመን ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ እምቢ ያለው የሷ ምክር ቤት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ምርጫ «የባቫሪያ ፓርቲ» የሚባል፣ ከሲኤስዩ የባሰ ክልሌ ክልሌ የሚል ፓርቲ 17 ወንበር አገኘ። እነዚያን መራጮች ቀስ በቀስ ጠቅልሎ ወደ አገር አቀፉ ፖለቲካ ያስገባቸው ሲኤስዩ ነው።

እታለም፦ ወንድሜ፣ 1949ን ተወውና ስለ መንገድ ክፍያው እናውራ። በ2013 ምርጫ ሲኤስዩ የውጭ አገር መኪኖች ለአውቶባን፣ ለፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ይክፈሉ አለ። የያኔዋ መራሔ መንግሥት፣ የሲዲዩዋ ሜርክል በቴሌቪዥን ክርክር ላይ፣ እኔ እያለሁ አይሆንም አለች። ሕጉ ግን ወጣ! የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ከ2009 እስከ 2021 የያዙት የሲኤስዩ ሰዎች ናቸዋ። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ውል ለተፈረመላቸው ድርጅቶች 243 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ተከፈለ። ከባቫሪያ ውጭ ያለው የሀምቡርግ ግብር ከፋይም አዋጥቷል። ሲኤስዩን በድምፁ የሚቀጣበት መንገድ ግን የለውም።

የሙኒኩ፦ ክፍያውንስ እኔም አልከላከልላቸውም። ግን እህቴ፣ ሀምቡርግ ላይ ሲዲዩን የመረጠ ሰው ሲኤስዩ አብሮ እንደሚመጣ ጠፍቶት ነው?

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ክሮይትን ዘለላችኋት። በኅዳር 1976 የሲኤስዩ እንደራሴዎች እዚያች የባቫሪያ መንደር ተሰብስበው ከሲዲዩ ለመለየት ወሰኑ። ከኋላ ሆኖ የገፋቸው የሲኤስዩ መሪ ሽትራውስ ነው። የሲዲዩ መሪ ሔልሙት ኮል ምን አለ? እንግዲያው እኛም ባቫሪያ ገብተን ቅርንጫፍ እንከፍታለን። ሳምንታት አልፈጀም፤ በታኅሣሥ ውሳኔው ተሻረ። የሁለቱን ፓርቲዎች ኅብረት እስከ ዛሬ የያዘው ያ ፍርሃት ነው። አንዱ ሌላው ግቢ ከገባ ሁለቱም ይከስራሉ።

ደግሞ ሲኤስዩ አገር ገዛ የምትሉት የተጋነነ ነው። ከሱ መራሔ መንግሥት ወጥቶ አያውቅም። ሽትራውስ በ1980 ተወዳድሮ ኅብረቱ 44.5 በመቶ አገኘ፤ መራሔ መንግሥቱ ሽሚት ግን ወንበሩ ላይ ቀረ። ሌላው የሲኤስዩ መሪ ሽቶይበር በ2002 ከመራሔ መንግሥቱ ከሽሮደር ፓርቲ ጋር ድምፁ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ልዩነቱ 6 ሺህ ድምፅ ገደማ ነበር። እሱም አልሆነለትም።

እታለም፦ ጋሼ፣ መራሔ መንግሥት ባይወጣስ? የሲኤስዩ መሪ ዜሆፈር በ2015 ሜርክልን ሙኒክ በፓርቲው ጉባኤ ላይ መድረክ ላይ አቁሞ ስለ ስደተኛ ሲገስጻት ያየነው ነው። በ2018 ደግሞ በድንበር ጉዳይ መንግሥቱን ሊያፈርስ ደርሶ ነበር።

የሙኒኩ፦ ዋጋውንስ የከፈለው ማን ሆነና? በዚያው ዓመት የክልል ምርጫ ሲኤስዩ ከ47.7 ወደ 37.2 በመቶ ወረደ። ቀጣን እኮ፣ እኛው! እስካሁንም ፍራየ ቬለር ከሚባል ፓርቲ ጋር ተጣምሮ ነው የሚያስተዳድረው። በ2023 የወጣው የምርጫ ሕግም ሊያጠፋው ነበር፤ ባቫሪያ ላይ ብቻ ተወዳድሮ ከመላው አገር 5 በመቶ ማሟላት ሊኖርበት ነበር። በ2021 ያገኘው 5.2 ነበር፣ ለትንሽ! በ2024 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ይህ መስፈርት ከሲዲዩ ጋር አንድ ቡድን የሚሆነውን ፓርቲ ያለ በቂ ምክንያት ይጎዳል አለ።

እታለም፦ ጥሩ፤ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ታዲያ አንተ ሙኒክ ያለኸው፣ ሲዲዩን ያለ ሲኤስዩ መምረጥ ብትፈልግ ካርዱ ላይ የት ታገኘዋለህ?