«1945» የምትለዋ ሳንቲም ዋሽታለች?

ኪሩ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን የጀርሲን (በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ያለች የብሪታንያ ዘውድ ደሴት ናት) ሳንቲም «ውሸት የተቀረጸባት» ብሎ ጽፏል። በጣም ነው ያናደደኝ። (ዓመቶቼ በፈረንጅ ናቸው።) «ነፃ ወጣች 1945» ትላለች እንጂ «በ1945 ተሠራሁ» አትልም። ደሴቷ ከ1940 ጀምሮ በጀርመን እጅ ነበረች፤ ሜይ 9 ቀን 1945 ነፃ ወጣች። ውሸቱ የቱ ላይ ነው?

ባለሣጥኑ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት የተሠራበት ነው፤ ሰው የለመደው ይህንን ነው። ይህቺ ግን መሠራት የጀመረችው በ1949 ነው።

ሰናይት፦ የኤልሳቤጥ ምስል ያለባትን አይተሃታል? ንግሥቲቱ የነገሡት በ1952 ነው። በጀርባዋ ግን ያው 1945 አለ። ይህ ማንን ያታልላል?

ባለሣጥኑ፦ አንቺ ታውቂያለሽ። ዳቦ ይገዛባት የነበረ ሰውስ?

ኪሩ፦ እሱማ ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር! ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ኖርማንዲ ከጀርመን ነፃ ስትወጣ ጀርሲ ግን በጀርመን እጅ እንዳለች ተከባ ቀረች። እህል አለቀ። የቀይ መስቀል መርከብ ቬጋ የደረሰችላቸው በ1944 ዲሴምበር መጨረሻ ነው። ያን ረሃብ ያየ ሰው 1945 ምን እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም።

የመርካቶ ልጅ፦ የእኛን ስሙኒ ረሳችሁት እንዴ? በጃንሆይ ጊዜ በፈረንጅ 1950ዎቹ የተሠራውም «1936» ነው የሚለው፣ በእኛ አቆጣጠር። ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም።

ባለሣጥኑ፦ ወንድሜ፣ እሱ ላይ «ነፃ ወጣች» የሚል የለም። አይገናኝም።

የመርካቶ ልጅ፦ ዓመቱ ነው ውሸት ያልከው፤ ቃሉን አሁን ነው ያመጣኸው።

ሰናይት፦ እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። ጀርመኖቹ ምሽግ ሊያሠሩ ያመጧቸው ሩሲያውያንና ስፔናውያን የግዳጅ ሠራተኞች ሳንቲሟ ላይ የት አሉ? የጀርሲዋ ሉዊዛ ጉልድ ያመለጠ ሩሲያዊ ቤቷ ስለደበቀች ራቨንስብሩክ በሚባል የናዚ እስር ካምፕ ውስጥ ሞተች። «ነፃ ወጣች» ሲባል እሷ አልወጣችም።

ኪሩ፦ እህቴ፣ ሳንቲሟ እኮ የሽልንግ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) አንድ አሥራ ሁለተኛ ናት! ይህ ሁሉ የት ይሰፍርባታል?

ሰናይት፦ የቦታ ነገር አይደለም። ለእነሱም ሳንቲም ይገባቸው ነበር።

ባለሣጥኑ፦ እሺ፣ «ውሸት»ን ትቼ «አሳሳች» ልበል?

ኪሩ፦ አልቀበልም። ማንን አሳሳተች?