«ተጠጋቻት» ስትል ምን ማለቷ ነው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ መጽሐፈ ሩትን ሳነብ አንድ ቃል ያዘኝ። ምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ላይ ሌላዋ ምራት ዖርፋ አማቷን ኑኃሚንን ስማ ተሰናበተች፤ «ሩት ግን ተጠጋቻት» ይላል። ወረድ ብላ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» የምትል ሴት፣ ተጠጋች ብቻ? ቃሉ አልሳሳባትም?

መላሽ (መንዝ)፦ አልሳሳም እህቴ። እኛ አገር ብርድ ነው፤ «ተጠጋ» የሚባለው እሳት ዳር ነው። አያቴ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣት ቃል እሱ ነው፤ «ተቀመጥ» ኋላ ይመጣል። ባናዋን (የሱፍ ብርድ ልብሷን) ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ትለቃለች።

ሌላም አለ። ወላጅ የሞተበትን ልጅ «አጎቱን ተጠግቶ አደገ» እንላለን። የሩትም ይኸው ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ አማቷም ወደ እናትሽ ቤት ተመለሺ ብላታለች።

ዕብራይስጡ «ዳቫቅ» ነው፤ ተጣበቀ ማለት። (የኛን «ደበቀ» መስሎሽ እንዳትሸወጂ።) ዘፍጥረት 2፥24 ላይ ሰው ከሚስቱ ጋር «ይጣበቃል» የተባለበት ግስ ራሱ ነው። እዚህ «ተጠጋቻት» ማለታቸውን ግን ወድጄዋለሁ። ለምን ብትይ፣ ሩት 2፥12 ላይ የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ሲመርቃት ከእግዚአብሔር ክንፍ በታች «መጠጊያ» ልታገኚ መጣሽ ይላታል። በዕብራይስጡ ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም። በአማርኛ አንድ ሥር ናቸው። አማቷን ተጠጋች፣ የአማቷን አምላክ መጠጊያ አደረገች። ይሄ የአማርኛ አንባቢ ሲሳይ ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ «ጥገኛ» እንዴት ስድብ ሆነ?

መላሽ፦ ቁጭ ብሎ የሚበላ ስለሚመስለን ይሆናላ። ሩት ቁጭ አላለችም። ቤተ ልሔም የገቡት ገብስ መታጨድ ሲጀምር ነው፤ ወዲያው ቃርሚያ ወጣች። ቃርሚያ ለገብስ አገር ሰው አይነገርም፤ አጫጁ አልፎ ሲሄድ የወደቀውን ዛላ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ወገብ ይቆርጣል። ማታ የለቀመችውን ወቅታ ለአማቷ ተሸክማ ገባች።

ጠያቂ፦ ኑኃሚን ግን «አምላክሽ አምላኬ» ስትባል ምን መለሰች?

መላሽ፦ ምንም። ቁጥር 18ን እይው፤ መቁረጧን ስታይ ዝም አለች ነው የሚለው። ባናዋን ሰብሰብ አድርጋ እንደሆነ እንጃ።