በበረኪና የተዘፈዘፈ መምጠጫ ላይ ባክቴሪያ ለምን ይገኛል?

ጥያቄ (የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባለሙያዎች። በምሠራበት ሆስፒታል የአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ለሕፃን አየር የሚሰጥ መሣሪያ) ጭንብሎችንና በእጅ የሚጨመቁትን የአፍና የአፍንጫ መምጠጫዎች እንደተጠቀምንባቸው ወዲያው 0.5 በመቶ በሆነ የበረኪና ውህድ ለ10 ደቂቃ እንዘፈዝፋለን። ይሁን እንጂ በቅርቡ ከእነዚሁ ዕቃዎች በተወሰደ ናሙና ላይ ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በቅሏል። በሴፕሲስ (በደም ውስጥ በተሠራጨ ከባድ ኢንፌክሽን) የሚታከሙ ሕፃናት ስላሉን እጅግ አሳስቦኛል። ውህዱን ማጠንከር ይኖርብን ይሆን?

መልስ (የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ)፦
ሲስተር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ክሌብሲየላ በአገራችን ሆስፒታሎች ከጨቅላ ሕፃናት ሴፕሲስ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። እኔ ግን የምጠረጥረው የውህዱን መጠን ሳይሆን የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። በበረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ንፍጥ፣ ደም ወይም ወተት ሲያገኝ ኃይሉን በእነዚያ ላይ ስለሚጨርስ፣ ከቆሻሻው ሥር ያለው ባክቴሪያ ሳይነካ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያም ዕቃን ሳያጥቡ በፀረ ተሕዋስያን መዘፍዘፍን አይመክርም። ስለዚህ በመጀመሪያ መምጠጫውን ከፍተው ውስጡን በሳሙናና በብሩሽ ይጠቡ፤ ቀጥሎ አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ በአውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ተሕዋስያንን በሚገድል መሣሪያ) ያምክኑት ወይም ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ለ20 ደቂቃ ይቀቀል። የማይከፈት ዓይነት ከሆነ ግን ውስጡን ማጽዳት ስለማይቻል ለሌላ ሕፃን ፈጽሞ ሊውል አይገባም።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
የውህዱን ባልዲም አብረው ይመርምሩ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ነገር ግን የሁሉም ጠርሙስ መጠን አንድ ስላልሆነ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ውህዱ በየቀኑ በአዲስ መልክ ተዘጋጅቶ ፀሐይ በማያስገባ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በተረፈው ላይ መጨመር ክልክል ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርጥበት ነው፦ በሚገባ የተቀቀለ ጭንብል እንኳ በቧንቧ ውኃ ተለቅልቆ እርጥብ እንደሆነ ከተቀመጠ ክሌብሲየላና ሲዩዶሞናስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ዳግመኛ ይባዙበታል።

መልስ (የባዮሜዲካል መሐንዲስ)፦
ስለ ሕፃናት ማሞቂያው (ኢንኩቤተር) ልጨምር። አልኮል የማሞቂያውን ግልጽ ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል፤ ክሎሪንም ሳይታጠብ ከቀረ ብረቱን ያዝጋል፤ በመሆኑም አምራቹ የፈቀደውን ብቻ ይጠቀሙ። ፌኖል (የፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል) ያለበትን ነገር በጨቅላ ሕፃን አልጋ ላይ አይጠቀሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የሕፃናት ክፍሎች የቢሊሩቢን (በደም ውስጥ ሲበዛ ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) መብዛት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ታይቷል። የእጅ ማስገቢያዎቹን ጎማ አውልቀው ይጠቡ፣ ሽፋኑ የተቀደደ ፍራሽም ይቀየር፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባን ባክቴሪያ የትኛውም ውህድ አይደርስበትም። የእርጥበት ውኃ መያዣ ካለውም በየቀኑ ተደፍቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ከተሕዋስያን ነፃ በሆነ (ስቴራይል) ዲስቲልድ ውኃ ይሞላ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አንዱን መምጠጫ ከፍቼ ስመለከት አንገቱ ላይ የደረቀ ንፍጥ አገኘሁ። ጭንብሎቻችን ጥቂት ስለሆኑ፣ በአንድ ሕፃንና በሌላው መካከል በ70 በመቶ አልኮል መጥረግ ይበቃል?

መልስ (የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ)፦
ለስቴቶስኮፕና ለብብት ቴርሞሜትር፣ ንጹሕ ከሆኑና አልኮሉ በራሱ እስኪደርቅ ከተጠበቀ፣ ይበቃል። ጭንብል ግን የሕፃኑን አፍና አፍንጫ ስለሚነካ ታጥቦ መቀቀል አለበት። ይህንን የናሙና ውጤት አያይዘው ተጨማሪ ጭንብሎች እንዲገዙ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እስከዚያው በእያንዳንዱ ፈረቃ የተቀቀለና የደረቀ መጠባበቂያ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይኑርዎት።