የቡና መጋዘን ወደ ሁለገብ አዳራሽ ልንቀይር ነው (ጅማ)፣ ምክር ስጡን

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጅማ ላይ የቡና መጋዘን ነበረው፣ አሁን ባዶውን ቆሟል። 40 በ24 ሜትር ነው፣ ከወለሉ እስከ ትረሱ (ጣራውን የሚሸከመው ማዕቀፍ) 6 ሜትር፣ መሀሉ ላይ አንድ ረድፍ ኮለን (ምሰሶ) አለው። ከወንድሞቼ ጋር ሁሉን የሚያስተናግድ አዳራሽ ልናደርገው አስበናል፤ ማለቴ በሥራ ቀን ቮሊቦልና ቅርጫት ኳስ፣ ቅዳሜ ኮንሰርት፣ እሁድ ሰርግ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሜዳ ላይ የታሰበ ነገር ጭቃ ይበላዋል። የወንበርና የመብራት ዋጋ ጠያይቄያለሁ። ሌላ ምን ይቀረኛል? ቁመቱ ካነሰስ አሜሪካ ሲያትል ከተማ ያለውን የስፖርት አዳራሽ እንዳደረጉት ጣራውን ሳይነኩ ወደ ታች መቆፈር አይቻልም?

ብረት ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ከወንበር ጀመርክ እንዴ? ጉዳዩ ጣራው ነው። ቮሊቦልም ቅርጫት ኳስም ከላይ ቢያንስ 7 ሜትር ነፃ ቁመት ይፈልጋሉ። የቮሊቦል ሜዳ 18 በ9 ነው፣ በየጎኑ 3 ሜትር ሲጨመርበት 24 በ15 ይሆናል። ያ ኮለን ደግሞ ወርድህን 12፣ 12 አድርጎ ከፍሎታል። ስለዚህ ኮለኑን አውጥቶ 24 ሜትሩን ባንዴ የሚሻገር ትረስ ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። ሲሠራ ስፒከርና መብራት የሚሰቀልበትን ክብደት ካሁኑ አስቆጥር። የመጋዘን ትረስ የተሠራው ቆርቆሮ ሊሸከም ነው፣ ግማሽ ቶን ስፒከር ሲንጠለጠልበት የሚያሰማውን ድምፅ መስማት አልፈልግም።

የሲያትሉን ተወው። እዚያ የቆፈሩት እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው ጣራ በቅርስነት ስለተያዘ ነው፤ ወደ 20,000 ቶን የሚመዝነውን ጣራ በጊዜያዊ ምሰሶ ደግፈው ታቹን እንደ አዲስ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2021 ከፈቱት። ያንተ ቆርቆሮ ነው። ጅማ ላይ ቆፍረህ ሐምሌ ሲገባ የመዋኛ ገንዳ ባለቤት ትሆናለህ። አፈሩንም አስመርምር፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ መሠረቱ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ለተመልካች ደረጃው በካሬ 500 ኪሎ አስበህ ተነሳ፤ ግን ሰው በሙዚቃ እኩል ሲዘል ከክብደቱ ይልቅ ምቱ ነው የሚያስፈራው፣ ደረጃው ከምቱ ጋር ከተገጣጠመ መወዛወዝ ይጀምራል።

ሚክሰር፦
የቆርቆሮ ጣራ ሥር ሰርግ ሠርቻለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ሽማግሌው እየመረቁ ነበር፣ አሜን ያልነው አፋቸውን አይተን ነው። ድርብ ቆርቆሮ አድርግና መሀሉ ላይ የድንጋይ ሱፍ አስገባ፣ የዝናቡንም የፀሐዩንም ነገር አብሮ ይቀንስልሃል።

ማስተጋባቱ ሌላ ነው። ቁመቱን ወደ 8 ሜትር ከፍ ካደረግከው አዳራሹ ወደ 7,700 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ለኮንሰርት ድምፁ በአንድ ሰከንድ ተኩል አካባቢ እንዲጠፋ ከተፈለገ ከ800 ካሬ በላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ያስፈልጋል። ሰው ራሱ ድምፅ ይውጣል፣ 1,000 ሰው ከገባ ግማሹን ያህል ይሸፍንልሃል፤ ለዚህ ነው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተስተካከለ ድምፅ ማታ የሚቀየረው። ግድግዳውን በቡና ጆንያ ብታለብሰው ርካሽ ነው፣ ለጅማም ያምርበታል።

ወ/ሮ አሸንዳ፦
ጆንያ? ሚክሰር፣ ተው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራዚል ሳንታ ማሪያ ውስጥ ኮርኒሱ ላይ የነበረው የድምፅ ስፖንጅ በመድረክ ርችት ተያይዞ 242 ሰው አልቋል፣ ብዙዎቹ በጭሱ። ጆንያም ስፖንጅም ይቅር። የእኔ ወንድም፣ መጋዘንህ ያለው አንድ ተንሸራታች በር ከሆነ ደግሞ ለ1,000 ሰው ሦስት አራት መውጫ፣ ሁሉም ወደ ውጭ የሚከፈት አውጣለት። ይሄ ከመብራቱ ይቀድማል።

ዝናቡን ግን አትርገመው። የጅማ ዝናብ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጣራህ 960 ካሬ። የሚባክነውን ቀንሰህ እንኳ ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይሰጥሃል፣ ለሽንት ቤትና ለወለል ማጠቢያ። የመጀመሪያውን ዝናብ ልቀቀው፣ የጣራ አቧራ ነው። ሙቀቱ ከጣራው ጫፍ እንዲወጣ ክፍተት ተውለት፣ ከታች ደግሞ አየር ማስገቢያ። የብርሃን መስኮቱን በሰሜንና በደቡብ አድርገው፣ የምዕራቡ ፀሐይ ከሰዓት ተጫዋቹን ዓይኑ ላይ ይመታዋል።

ሚክሰር፦
ጆንያውን አንሥቻለሁ፣ ልክ ነሽ እህቴ። የሂርማታ ልጅ፣ አንድ ነገር ሞክር፤ ዝናብ ሲመጣ መጋዘኑ ውስጥ ገብተህ በሩን ዝጋና አጨብጭብ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሞከርኩት። ዝናቡ ሳይመጣ አንዴ አጨብጭቤ እስኪጠፋ አምስት ቆጠርኩ። ዝናቡ ከመጣ በኋላ የራሴንም ጭብጨባ አልሰማሁት። የወንበሩን ሰውዬ ትንሽ ታገሰኝ ብዬዋለሁ። ብረት ቆጣሪ፣ ጅማ ብቅ ካልክ ቡናው በእኔ ነው፣ ሜትር ይዘህ ና።