የድሮ የአማርኛ ፋይል ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ይዘበራረቃል፣ ምን ላድርግ?

ማሂ_አዳማ፦
ሰላም ሰዎች እስኪ አንዴ እዩልኝ። የመስሪያ ቤታችንን የድሮ ደብዳቤዎች ወደ አዲሱ ሲስተም አስገቢ ተብዬ ነው፣ አብዛኛው በ90ዎቹ በዎርድ የተጻፈ ነው፣ እኔ ጋ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ዳታቤዙን ዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል የሚይዘው ኮድ) አደረግኩት፣ ያው ነው። በቅርብ የተጻፉት ደግሞ ሲገቡ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናሉ። አንድ ችግር ነው ወይስ ሁለት?

ቶሚ_ኮድ፦
ሁለት ነው እህቴ። የድሮው ፋይል ውስጥ መጀመሪያውኑም አማርኛ የለም። ያኔ ፎንቶቹ በላቲን ፊደሎች ቦታ የእኛን ፊደል ስዕል እያስቀመጡ ነበር የሚሰሩት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፣ አማርኛው ጭምብል ነው፣ ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል። አንድ ፎንት ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነው፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው ከነቁጥሩ አይበቃውም (ዩኒኮድ፣ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ስሪት 3.0 ላይ ሲያስገባው 345 ነበር) ስለዚህ አንዱ ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ቅጥሉን በጎን እየለጠፈ ተገላገለ። ዩቲኤፍ-8 ስታደርጊው ያንኑ ላቲን ነው አሳምሮ የሚያስቀምጥልሽ።
የፎንቱን ስም ዎርድ ላይ እዪና ለሱ የተሰራ ኮንቨርተር ፈልጊ፣ ለፓወር ግዕዝ ፎንት የተሰራ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ለቪዥዋል ግዕዝ ፎንት አይሆንም። ደግሞ አደራ፣ ሳትቀይሪው ወደ ተራ ቴክስት እንዳታወጪው! የፎንቱ ስም አብሮ ይጠፋል፣ ከዛ ደብዳቤው ውስጥ ያለው እውነተኛ እንግሊዝኛም አማርኛ ይሆንልሻል 😂

ሀብታሙ_ዲቢ፦
የጥያቄ ምልክቱን በተመለከተ፣ የዳታቤዙ ኮለም ወይም ኮኔክሽኑ ላቲን-1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ብቻ የሚያውቅ የድሮ ኮድ) ሆኖ ነው፣ የማያውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። የገባው አይመለስም፣ ኦሪጅናሉን አስተካክለሽ ድጋሚ አስገቢ። ባዶ ሳጥን ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጪ፣ ፎንት ነው የጎደለው እንጂ ዳታው ደህና ነው። ጭረት ያለባት ኤ (á) በየሁለት ምልክቱ ከተደጋገመችም ይድናል፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፣ በላቲን ሲነበብ እሷን ይመስላል።

የአራዳ_ልጅ፦
እኔ የሚገርመኝ ዩኒኮድ ሀ ሐ ኀን ለየብቻ ማስቀመጡ። ሰርች ሲደረግ ኃይሉ ይገኛል፣ ሀይሉ ይጠፋል። አንድ ቢያደርጉት ምን ነበረበት??

ቶሚ_ኮድ፦
ወንድሜ ትግርኛ ጸሐፊ እንዳይሰማህ፣ እነሱ ሀ እና ሐን በድምፅም ይለያሉ፣ ኮዱ ለአማርኛ ብቻ አይደለም የተሰራው። ለሰርች ሌላ ኮለም ጨምር፣ እዛ ላይ ሐን ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይር፣ ሃንና ኣንም እንዳትረሳ። የሰው ስም የተጻፈበትን ኮለም ግን እንዳትነካ። አራት ነጥብም አለ፣ ግማሹ ሰው ። ሳይሆን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነው የሚመታው ፡፡ ላይን አይለየውም፣ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነው የሚያየው።

ማሂ_አዳማ፦
ተባረኩ! ፎንቱን አየሁት፣ አንዱ ደብዳቤ ውስጥ ርዕሱ በአንድ ፎንት ጽሁፉ በሌላ ነው 😭

ሀብታሙ_ዲቢ፦
የተለመደ ነው። ፋይሉን በሙሉ አትቀይሪው፣ ኮንቨርተርሽ የእያንዳንዱን ቁራጭ ፎንት አይቶ በየራሱ ሰንጠረዥ እንዲቀይር አድርጊ። ፎንቱ ያልታወቀውን ለብቻ አስቀምጪው፣ ስሙን ላኪልን።